ታኮ

አልጋ ቁጥር ስድስት፣ ከአንሶላው በታች፣
እንደ ሰሌን ቀጭን ንጣፍ ተኝታለች።
ሰው ሲተኛባት ዝም፣ ሰው ሲነሳ ጩኸት፤
ሌላ ቋንቋ የላት፣ ሌላ የላት እውቀት።

እኔ ኮሪደር ጫፍ፣ የሌሊት ተረኛ፣
ግማሽ ዓይኔ የነቃ፣ ግማሽ ዓይኔ የተኛ፤
የጦሳ ቅዝቃዜ በመስኮቱ ስንጥቅ
ገብቶ ጉልበቴ ላይ እንደ ድመት ሲወድቅ።

ጋሽ ይመር ሾፌር ናቸው። «ነበሩ» ያልኩ ቀን፣
እስከ ማታ አኩርፈው አልዋጡም ኪኒን።
ያን የሐረጎን ጥምዝ፣ በጉም ውስጥ እያሸተቱ፣
ሠላሳ ስምንት ዓመት ወርደው አንድ ጎማ ሳያስቱ፣
አሁን የሚያስፈራው ገደል ክንድ ከስንዝር ነው፦
ከፍራሹ ጠርዝ እስከ ሊሾው ያለው።

ንጣፏ ሳትመጣ፣ በጥቅምት፣ አንድ ሌሊት፣
እኔ ወዲያ ማዶ ጉሉኮስ ስሰቅል፣
እሳቸው ሊሾው ላይ፣ ግንባራቸው ሲቆስል፣
አንድ ድምፅ አልወጣም።
«ምነው አይጠሩኝም?» አልኩ ደሙን እየጠረግሁ።
«ሰው ተኝቷል» አሉ። ሌላ ቃል አልፈለግሁ።

ይቺ ነገር መጥታ፣ ሥራዋን ስነግራቸው፣
በትዕግሥት ሰሙና ፈገግ አለ ፊታቸው፦
«ረዳት ነው በይኛ! ስሙ ሙሄ ይሁና።»

ሙሄ የጥንት ረዳት፣ ፍሬን በከዳ ለት
ከካቢና ዘሎ፣ ጎማዋ ሥር ታኮ የወተፈላት።
መኪናዋ ቆመች።
«ሙሄስ?»
ጋሽ ይመር ብርድ ልብሱን ሳቡ እስከ ጆሯቸው፤
ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኋቸው።

ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት፣ ሊነጋጋ ሲል፣
የሸዋ በር አዛን ጉሙን አልፎ ሲመጣ፣ ፍራሹ ቀለለ፤
ንጣፏ ጮኸች፤ ከበሩ በላይ ቀይ መብራት ዋለለ።
ሮጥኩ። አንድ ነጠላ ጫማዬ ኮሪደር ላይ ቀረ።
ጋሽ ይመር ጠርዙ ላይ፣ እግራቸው ተንጠልጥሎ፣
እጃቸው ባዶውን አየር መሪ አስመስሎ፣
«ሙሄ! ታኮ!» ይላሉ፣
«ሙሄ!»
ትከሻዬን ከብብታቸው ሥር አስገባሁ።
«አቤት» አልኩ።
ውሃ አመጣሁላቸው፤ እጃቸውን፣ ፊታቸውን ታጠቡ፤
ተቀምጠው ሰገዱ፤ እኔ ወገባቸውን ይዤ፣
ባንድ እግሬ ጫማ፣ ባንድ እግሬ ሊሾ።

ዛሬ ልጃቸው ከከሚሴ መጣች።
ሲወጡ ግንባራቸውን ነክተው፣ «ጠባሳው ያምራል» አሉኝ።
ባጃጅ ቁልቁል ወሰዳቸው፣ በአራዳ በኩል፣
እኔ ፎርም እየሞላሁ።

ንጣፏን ያጠፋት ሰው አልነበረም።
ጮኸች።
መዳን ይሁን መውደቅ እሷ በምን ትለየው፤
ክብደት መራቁን ነው ከሥር ሆና የምታየው።
እንደሄዱ እያወቅሁ ሮጥኩ፣ እንደ ሌሊቱ፤
አንሶላው ገና ሞቃት፣ የጀርባቸው ጎድጓዳ ቦታ ገና አልሞላ።
ማጥፊያዋን ልጫን ስል ጣቴ ትንሽ ዘገየ።

ማታ ከሐይቅ የመጡ አንዲት እናት ተኙባት።
ዝም አለች።