እንቁላል በእግሩ

ቶንሌ ሳፕ ሐይቅ ላይ ውኃው ሲጎድል፣
ዛፉ እንደ ዋናተኛ በትከሻው ብቅ ሲል፣
ሳሩን ተቀምጧል ከቀርከሃው ቆጥ
እርሳሱን ነክሶታል ውኃ ውስጥ እንዳይሰምጥ።
ደብተሩ የልጅ ነው፣ ሽፋኑ የቀላ፣
ጥንቸል አለችበት ካሮቷን የምትበላ።
መስመሩ ግን የእርሱ፣ በጠማማ ፊደል፦
«ዐሥራ ዘጠነኛው ዛፍ፤ ሽመላ፤ አራት እንቁላል፤
ሁለት አባ ኮዳ፤ አንዱ አሣ አምጥቷል፤
ነፋሱ ከደቡብ ነው፤ ጉልበቴን አሞኛል።»

ማን ይመስላችኋል ይህ እንቁላል ጠባቂ?
ድሮ እሱው ነበረ የጎጆው ነጣቂ።
በወገቡ ገጀራ፣ ባንገቱ ቅርጫት፣
በባዶ እግሩ ሲወጣ እንደ ጦጣ ፍጥነት፣
እናትን በክንዱ ከጎጆ አባርሮ
መቶውን በአንድ ቀን ይመለሳል ቋጥሮ።
ተቀቅሎ ይሸጣል በጨውና በሎሚ፣
መድኃኒት ነው አሉ ለሽማግሌ ታማሚ።
በዚያ ገንዘብ ገዛ ለጀልባው ሞተር፣
በዚያ ገንዘብ ዳረ እኅቱን በክብር።
ክፋት አልመሰለው። ሰማዩ ሙሉ ነው፤
ከሙሉ ሰማይ ላይ እፍኝ ቢዘግን ምን አለው?

አንድ ዓመት፣ በየካቲት፣ ሰባት ዛፍ ወጣ።
ሰባት ባዶ ጎጆ።
ስምንተኛው ላይ ደርሶ ላባም እንኳ አጣ።
ከላይ ሆኖ አየው፦ ደኑ ድምፅ የለውም፤
ሰው በሞተበት ቤት እንዲህ ያለ የለም።
ቅርጫቱን ሰቀለ በቅርንጫፉ ጫፍ፤
አፉን ከፍቶ ቀረ እንደ ተራበ ወፍ።

ኋላ ከከተማ መጡ ባለመዝገቦች፤
«ዛፍ የሚያውቅ ማን ነው ከዚህ ካሉት ሰዎች?»
መንደሩ በሙሉ፣ ውኃ ላይ ያለ መንደር፣
ቤቱ በበርሜል ላይ የሚንሳፈፍ ሰፈር፣
ጣቱን ቀሰረበት፦ «ከሱ የሚበልጥ ሌባ
የለም፤ ሥራ ካላችሁ እሱው ራሱ ይግባ!»
ሳሩን ራሱ ሳቀ። ኮፍያ ተሰጠ፤
በሌባው መሰላል ዘበኛ ተቀመጠ።

ሁሉን አያድንም፤ ያንን እሱም ያውቃል።
ግድቡ ከላይ ነው፣ ከቆጥ መች ይታያል?
ባትሪ ነክሮ አሣን የሚያደነዝዝ፣
ለሩዝ ማሳ ብሎ ደን የሚያጋይ፣ የማይታዘዝ፣
ለዚህ ሁሉ ሳሩን በምን ጉልበት ይድረስ?
ያለው አንድ ቆጥ ነው፣ ጆሮና ግማሽ እርሳስ።

አንድ ሌሊት ታዲያ፣ መብራት የሌላት ታንኳ
ከሥሩ ተጠጋች። ሳሩን መቅዘፊያዋን እንኳ
በድምፁ ያውቀዋል፦ እንዲህ የሚቀዝፈው
የእኅቱ ልጅ ነው፣ ቪቦል፣ ዕዳ ያናወዘው።
ልጁ ወጥቶ ወርዷል። ሳሩን ደረሰበት።
አልጮኸም። ቅርጫቱን ከእጁ ተቀበለ፤
ሦስት እንቁላል፣ ትኩስ። መዳፉ ተቃጠለ።
«በዚህ ገንዘብ አይደል እናቴን የዳርካት?»
አለ ልጁ። ሳሩን ዝም አለ፤ እውነት ናት።

ስድሳውን ያለፈ ሰው፣ ጉልበቱ እያቃሰተ፣
እንቁላል በደረቱ፣ ወደ ላይ ጎተተ
ራሱን። በወጣትነት ለመስረቅ የወጣውን
ዛፍ ሊመልስ ወጣ፣ እየዳሰሰ ቅርንጫፉን።
ጎጆው ገና ሞቆ ነበር። እናትየው ግን የለች።
እስኪነጋ ጠበቀ።
ነጋ። ተመለሰች።

በደብተሩ ጻፈ፦ «ሦስት፣ የተሰረቀ፤
ሦስት፣ የተመለሰ፤ ሌባው የታወቀ፤»
እዚህ ላይ ቆመና እርሳሱን አኘከ።
«የእኅቴ ልጅ።» ጻፈው፤ እጁ ግን ታወከ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»
ሲባል አልሰማም ሳሩን፤ ማን ይነግረዋል?
ዕድሜውን በሙሉ ግን እግር ሳያወጣ
ወስዶ የሸጠው እሱ ነው። አሁን ቀኑ መጣ፦
ሁለቱ ቀዝቅዘው ቀሩ። በሠላሳኛው ቀን
አንዱ ተሰነጠቀ፤ አወጣ ምንቃሩን።
እርጥብ፣ አስቀያሚ፣ አንገቱን የማይችል፤
ሳምንታት ቆይቶ ተነሣ፣ ወደቀ፣ ቆመ መሰል።

ከታች ታንኳ አለ። ቪቦል ነው፤ አላናገረውም
አጎቱን ከዚያ ወዲህ። ዛሬም አልተናገረም።
ቀና ብሎ አየ ብቻ። ሳሩንም ከቆጡ
ጣቱን አነሣለት፦
አንድ።