ቤት ቁጥር አርባ ሰባት

በየካቲት፣ ዝናብ በሌለበት፣
አዳማ አቧራዋን ለብሳ ከነፋሷ ጋር በምትሟገትበት፣
ወባ ገባች።
ግራ ገባን። ወባ የክረምት ማግስት እንግዳ ነች፤
መስከረም ሲጠባ መጥታ
ገና ሳይደርስ የምትሰናበት።
አሁን፣ ምድሩ ዱቄት በሆነበት፣
ምን ልትጠጣ መጣች? ማን ሰጣት ቤት?

አቶ ሶሬሳ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤
ጣቱ አዋሽን ይዞ ወረደ፣ ረግረጉ ላይ ረጋ።
«ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። ትንኝ የሚወለደው እዚህ ነው።
መኪናው ይውጣ፣ ይርጭ፤ ሕዝቡም ጭሱን አይቶ ይረጋጋ።»
እውነት ለመናገር፣
ጭስ ይታያል፤ ጭስ ድምፅ አለው፤
ለጭስ ቴሌቪዥን ይመጣል።

እኔ መዝገብ ያዥ ነኝ።
ከጤና ጣቢያ በሚመጣ፣ ላብ ባወዛው ወረቀት ላይ
ዕድሜ፣ ጾታ፣ ቀበሌ፣ ውጤት።
ወሩን ሙሉ ስደምር
ከረግረጉ አጠገብ የታመመው ጥቂት፤
የበዛው እዚሁ፣ መሃል ከተማ፣
ፎቅ በሚሠራበት፣
ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣
ከውሃው ይልቅ በርሜሉ በሚበረክትበት።

ኦብሴ፣ የዩኒቨርሲቲዋ ልጅ፣
የአንዱን ግንባታ ሮቶ ከፍታ
በነጭ ጭልፋዋ ቀዳችና «ይኸው» አለች።
ከውሃው ፊት ጋር ጋደም ያለ፣
ጥላ ሲያርፍበት የሚሸሽ፣
ክር የሚያህል ጭረት፤
ክንፍ ያላወጣ ትኩሳት።

«አንድ ሮቶ ምስክር ይሆናል?» አለ ሶሬሳ። ክፉ ሰው አይደለም።
«አይሆንም» አለችው። «ስለዚህ ሦስት መቶ እንክፈት።
ግን በዕጣ፤ ደስ ያለንን ሳይሆን የወጣልንን ቤት።»

ዕጣው በወተት ቆርቆሮ ተናጠ።
አርባ ሰባት ሲወጣ ሳቅኩ፤
የኔ ቤት።

ደጄ ላይ ሰማያዊ በርሜል አለ፤
ክዳኑን አምና ነፋስ ወስዶት
«ነገ እገዛለሁ» ስል ዓመት የሞላኝ።
ልጄን ሲፈንን ትኩሳት ያንቀጠቀጣት ሌሊት
ረግረጉን ረግሜያለሁ፤
ጎረቤቴንም፣ በሆዴ፣ አምቻለሁ።

ኦብሴ ጨለፈች። አየች። ጭልፋውን ወደኔ አዘነበለች እንጂ
ምንም አላለች።
እርሳሱ በእጄ ነበር።
«የለም» ሦስት ፊደል ነው፣
«አለ» ሁለት።
አጭሩ ቃል እንዲህ ይከብዳል ብዬ
አስቤም አላውቅ።
ጻፍኩት።
ሲፈን ከበሩ ላይ ሆና
«አባዬ፣ ምን አለ?» አለችኝ።

ሶሬሳ ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ አነበበ፤
በሁለተኛው መነጽሩን አወለቀ።
«ክዳን ቴሌቪዥን አይጠራም» አለና
የርጭቱን ገንዘብ ግማሹን
ለክዳንና ለወንፊት ፈረመ። ግማሹን ግን ለጭስ አስቀረ፤
ሃያ ዓመት በአንድ ቀን አይረታም።

በግንቦት መዝገቡ ሳሳ።
ልናጨበጭብ ስንል ኦብሴ እጇን አነሳች፦
«ቆዩ። ወባዋ በራሷ ጊዜ ሄዳ ቢሆንስ?
የሚመጣውን የካቲት እንቁጠር።»
ተናደድኩባት። ኋላ ሳስበው ግን
ደስታችንን እንኳ ዕጣ ውስጥ የምትከት ሴት ናት፣
ምን ይደረጋል።

አሁን ማታ ማታ ነፋሱ
አዲሱን ክዳን ያንኳኳል።
እነሳለሁ፣ ባትሪዬን አበራለሁ፣
ክዳኑን ገልጬ ውሃውን አያለሁ፤
ስላላመንኩት አይደለም፣
ስላመንኩትም አይደለም።