ባለእርሳስ

የከተማችን ወንዝ ስሙ በሬሳ ነው፤
እኔ የምወደው ልቦለድም ሁሉ
የሚጀምረው በሬሳ ነው።

ሬሳው በምዕራፍ አንድ፣ ወለል ላይ ተዘርሮ፣
የእጅ ሰዓቱ ቆሞ፣ ብርጭቆው ተሰብሮ፤
መርማሪው ይመጣል ኮቱን ሳያወልቅ፤
እኔም ደብረ ብርሃን፣ ብርዱ ሲሰነጥቅ፣
ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ፣ መነጽሬን ጠርጌ፣
እገባለሁ አብሬው፣ ምራቅ በነካ ጣት ገጹን ፈልጌ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ኖርሁ በመዝገብ ቤት፣
በፋይል፣ በማኅተም፣ አይጥ በበላው ወረቀት።
እውነተኛው ወንጀል እንዲህ አያምርም፤
መርማሪው ይዛወራል፣ ምስክር ይሞታል፣
«ተከሳሽ አልቀረበም»፣ ቀጠሮ ይሰጣል፤
ከጥር ወደ ሰኔ፣ ከሰኔ ለኅዳር፤
ሟችና ገዳዩ ያረጃሉ አብረው
በአንድ ክር ታስረው።
ለዚህ ነው ልቦለድ ማታ የምሻው፤
አንድ ሰው እንኳ ይያዝ፣ በመጨረሻው።

የታሪኩ ልቦለድ ሌላ ጣጣ አለው።
እዚያ ገዳይ ሞልቷል፣ ጠያቂ ነው የጠፋው።
ሺህ ሰው ባንድ አንቀጽ ያልቃል፤
ለፈረሱ ጌጥ ግን ሦስት ገጽ ይሞላል።
የፈረሱን ስም ዐውቃለሁ፣ የግላሱን ቀለም፤
ውሃ ሲያጠጣው ለሞተው ልጅ ግን
መዝገብ የከፈተ የለም።
ይህን ሁሉ አምቼ ሳበቃ
ደግሞ እከራያለሁ።

ከመናኸሪያው ጥግ፣ ከእቴነሽ ሱቅ ደጃፍ፣
በዐሥር ብር ወሰድሁ ሽፋን አልባ መጽሐፍ።
ገጽ ዐሥራ ሁለት ላይ፣ ጠበቃው ገና ባርኔጣውን ሲሰቅል፣
በእርሳስ፣ በቀጭኑ፣ ከኅዳጉ ላይ፦
«ገዳዩ ይኸ ነው። በከንቱ አትድከም።»

ወይ አንተ ሰው!
መብራትም ያን ሌሊት ጠፋ፣ እንደ ግብረ አበር።
ሌላ ወሰድሁ፤ የነገሥታት ዘመን፣ የጦር ሰፈር።
ያው እርሳስ፣ ያው እጅ፦ «ሐሰት!
በጳጉሜን ገብስ ማን ወቅቶ ያውቃል?»

እኔም ተነሣሁ፣ ኮቴን ሳላወልቅ፤
በስድሳ ሦስት ዓመቴ መርማሪ ሆኜ ወጣሁ፣ ፊደል ለመጠየቅ።
«ሐሰት»ን በሐመሩ፣ «ንጉሥ»ን በንጉሡ፣
«ዐይን»ን በዐይኑ ጽፏል፤ ስሕተት የለም ከእርሱ።
ይህ የቄስ ትምህርት ቤት ኮርኩም የቀመሰ ነው።
ሻምበል ደምመላሽን ጠረጠርሁ፤ ስሙ ራሱ ክስ ነው፤
ግን ቃሉን ጽፎ ሲሰጥ አይቻለሁ፣
ለእሱ ሀሌታና ሐመር አንድ ናቸው።
መሪጌታ ዕንቈ ባሕርይ፣ «ልቦለድ ኀጢአት ነው» ባይ፣
ከካባቸው ሥር ግን ቅጽ ሁለት የሚታይ፤
እሳቸው እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤
እርሳሱ አይንቀጠቀጥም።

ቅዳሜ ልከፍል ሄድሁ፤ ደብተሯን ገለጠች፤
«ከአቶ ሥዩም፣ ዐሥር ብር፣ ለሰባት ቀን» ብላ ጻፈች።
ስሜን ሁሉም ሰው በእሳቱ ሰ ነው የሚጽፈው፣
ደመወዝ ከፋዩ፣ የጡረታው ቢሮ፣ ልጄም ጭምር።
እሷ በንጉሡ።
ቀና አልሁ። እርሳሱ ከጆሮዋ ላይ ነበር።

«አባቴ ከግድግዳው ወዲያ ወንዶቹን ያስተምር፣
እኔ ከወዲህ እማር ነበር።»
«መጽሐፉስ ምን በደለሽ?» አልኋት።
«የወንድሜ መዝገብ» አለች፣ «እርስዎ ዘንድ ነበር።
ሰባት ዓመት ተመላለስሁ። ሁልጊዜ ቀጠሮ።
እርስዎም ክሩን ያጠብቁ ነበር፣ ቀና ሳይሉ።
እኔ፣ አቶ ሥዩም፣ ገዳዩን ማወቅ የምሻው
በገጽ ዐሥራ ሁለት ነው።»

ምን ይባላል?
ክሩን አስታወስሁ፣ ቀይ ነበር።
የሟቹን ስም ግን አጣሁት።

በጋዜጣ የተለበጠ ሌላ መጽሐፍ ሰጠችኝ፤
ገንዘብም አልተቀበለች።
በሬሳ ድልድይ ላይ፣ ነፋሱ ቅጠሉን ሲነጥቀኝ፣
ገጽ ዐሥራ ሁለትን ገለጥሁ፦
በእርሳስ፣ በቀጭኑ፣
«ለሰኔ ሠላሳ ተቀጥሯል።»