ወላጅ ይዘሽ ነይ

ደምበጫ፣ ከትምህርት ቤቱ በር በስተግራ፣
ግንብ ተደግፌ ጫማ ነው የኔ ሥራ።
ወስፌና ማስቲሽ፣ ሰም፣ ያረጀ ጎማ፣
ይኸው ነው ሀብቴ፣ ደንብ አስከባሪ ካልቀማ።

መስከረም ሲጠባ ይለጠፋል ደንቡ
ባለ ማኅተም ወረቀት፣ ከበሩ ከግንቡ።
ማንበብስ አልችልም፤ ስሰማው ኖሬ
ከዳር እስከ ዳር ይወጣኛል ዛሬ፦

«ሁለት ሰዓት ሲሆን በሩ ይዘጋል፤
ጥፍሩን ያልቆረጠ ከሰልፍ ይወጣል፤
ሞባይል የያዘ በሰኔ ይወስዳል፤
ማስቲካ ክልክል ነው፤ በግንብ መዝለል ነውር፤»
(የግንቡ አናት ግን ለስልሷል በእግር፤)
«ሦስቴ ያረፈደ ወላጁን ይዞ ይምጣ።»
ከዚህች መስመር ላይ ነው የኔ ጉዳይ የመጣ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ በሩ ከተዘጋ፣
አንዲት ልጅ መጥታ ቆመች እኔ ጋ።
ጫማዋ ደህና ነው፣ አላወለቀችም፤
ታየኛለች እንጂ ምንም አትልም።
ኋላ ከደብተሯ፣ ከሽፋኑ ሥር፣
ባራት ተጣጥፋ ወጣች አሥር ብር።

«ጋሼ፣ ላንድ ጠዋት አባቴ ይሁኑልኝ፤
ብዙ አያወሩም፣ እሺ ብቻ ይበሉልኝ።»

«አባትሽስ?» አልኳት። «ሁመራ፣ ሰሊጥ ላይ።»
«እናትሽስ?» ዝም።
በጫማዋ ጫፍ መሬቱን ጫረች፤
«አክስቴ ጋ ነኝ፤ ጊዜ የለኝም አለች።»
«ለምን ታረፍጃለሽ?» «ቦኖው ነው፣ ወረፋው፤
ሦስት ጀሪካን ነው ሳልሄድ የምቀዳው።»

አዘንኩላት፣ አዎ። ልቤም አልደነደነ።
አሥር ብሯን ግን ተቀበልኩ፤
ይኼም ይጻፍ፣ እውነት ስለሆነ።

እጄን በጨርቅ ጠርጌ ተከትያት ገባሁ፣
ስንት ዓመት በደጁ፣ ያን ቀን ውስጡን አየሁ።
ዩኒት ሊደሩ፣ መምህር አንማው፣ አስቀመጠኝ፤
የወላጅ ግዴታ የሚል ወረቀት አነበበልኝ፦
«ልጅዎን በሰዓቱ ይላኩ፣ ሥራ አያብዙባት።»
«እሺ።»
«ስብሰባ ሲጠሩ ይምጡ፣ ሰው አይወክሉባት።»
«እ... እሺ።»
«ማታ ማታ ደግሞ፣ ቢደክምዎም እንኳ፣
ደብተሯን ይዩላት።»
«እሺ» አልኩ ሦስተኛ፤
ባሥር ብር ሦስት እሺ፣ ምን ዓይነት ርካሽ ነጋዴ ነኝ እኔ!

«ስምዎ ማን ልበል?» «ልየው» አልኩት።
ወረቀቱን ገፋልኝ፣ እንዳየው መስሎት።
«ስሜ ነው፣ መምህር።»
ልጅቱ በሳቅ ፈነዳች አፏን ይዛ።

እሱ ግን አልሳቀም። መዝገቡን ገለጠ፤
ትርንጎ ታደገ፣ ይላል መዝገቡ።
አየኝ። አያት። መነጽሩን አወለቀ፣
በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ መልሶ አጠለቀ።
ከዚያ ጣቱን ከአንድ ቃል ላይ አሳረፈ፦
«ደንባችን ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይላል።
እዚህ ላይ፣ ከሁለተኛው ጋ፣ ጣትዎን ያትሙ።»
አተምኩ።
ሐምራዊው ቀለም ሦስት ቀን ሙሉ አለቀቀኝም።

ማታ አንገቷን ደፍታ ልታልፈኝ ነበር።
«ነይ እስቲ» አልኳት። «አምጪው ደብተር።»
«ለምን?»
«አትሜ የለ!»

ፊደል ባላውቅም ምልክቱን አውቃለሁ፤
ራይቱን እንደ ወስፌዬ ቆልመም ሲል አያለሁ፤
ኤክሱም አይጠፋኝም፣ የራሴ ስፌት ነው፣
ክር በክር ላይ ሲሄድ የሚሠራው።
ቀይ መስቀል ሲበዛ «ይኼ ምንድነው?» እላለሁ፤
ስታስረዳኝ እሷው ታርመዋለች፤
እኔ ምኑን አውቄ፣ ራሴን እነቀንቃለሁ።

አክስቷ አንድ ቅዳሜ ጫማ ሊያሰፉ መጡ፣
ሁለቱም ሶሎች አፋቸውን ከፍተው።
ሰፋሁላቸው። «ሒሳቡ ስንት ነው?»
«ከሦስቱ ጀሪካን አንዱን ይቀንሱላት።»
ተቆጡ። ገንዘብ ወረወሩ። አልነካሁትም።
ሰኞ ዕለት ልጅቱ በሁለት ሰዓት ከሩብ ጉዳይ ገባች፤
ማክሰኞ አረፈደች። እንግዲህ ምን ይደረግ፣
የቦኖው ወረፋ አሳዳጊ የለውም።

አሁን ገና ከሩቅ «ጋሽ ልየው!» ትላለች፣
ደብተሩን እየዘረጋች፤
ስሜን ትጥራኝ ወይ ግዴታዬን ታንብብልኝ
እኔም አለየልኝ።

አሥር ብሯ? አለች፣ ከሳጥኔ፣ ከሰሙ ሥር።
ልመልስላት ብል «ሠርተውባታል» ብላ እምቢ አለች።
የት ሠራሁባት፤
ገና መጀመሬ ነው።