ማጣሪያ

ዓርብ ዓርብ በማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣
ኖራ በጥብጬ፣ ገመድ ወጥሬ፣ ከጎል እስከ ጎል በተርታ፣
የቂርያት ጋትን ሜዳ መስመር አሰምራለሁ፤
ቅዳሜ ሲረግጡት ግን እቤቴ ነኝ፣ ሰንበት አከብራለሁ።

ሬዲዮ አልነካም፤ ሦስት ኮከብ ሳይወጣ ማንንም አልጠይቅ፤
ጆሮ ግን በር የለው፣ የሜዳው ጩኸት በመስኮት ሲዘልቅ።
አጭር ጩኸት ከሆነ፣ ኳሷ ብረት መታች።
ረጅም ከሆነ፣ ገባች።
ከተማው ዝም ካለ፣
ገባብን ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለ።

የመጨረሻዋ ሰንበት ሁለት ረጅም ነበራት፣ አንድ ዝምታ፤
ልጄ ኢታማር ድምፁ ተዘግቶ መጣ፣ ኮከብ ወጥቶ ማታ።
«አባ፣ አራተኛ ወጣን!»
«አለፍን?»
«ቆይ» አለ። የመብራቱን ቢል ገለበጠ፤
የእስክሪብቶውን ቂጥ እየቆረጠመ፣ ሊያሰላ ተቀመጠ።

«አንደኛው ወደ ትልቁ ዋንጫ ማጣሪያ ይሄዳል፤
ሁለተኛና ሦስተኛው ለታናሹ ማጣሪያ ይሰለፋል፤
ጥሎ ማለፉን የበላም ወንበር አለው፣ የራሱ፤
ግን ባለዋንጫው ከሦስቱ አንዱ ከሆነ፣
በሁለት ወንበር አይቀመጥምና እሱ፣
ትርፏ ወደ ታች ትወርዳለች፤
አራተኛውን፣ እኛን፣ ትፈልጋለች።»

«እና ማን ይብላልን?»
«አንደኛው።»
«ያ ዓመቱን ሙሉ የረገምነው?»
«እሱ ነው።»

የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እኛ ደግሞ ይውረስ ብለን ጸለይን።
ረቡዕ ማታ ትኬት ሻጯ ፍሎራ፣ በር ጠባቂው ግሪሻ፣ እኔ፣
አንገታችን ላይ የራሳችንን ሻርፕ፣ አፋችን ላይ የሰው ስም ይዘን፣
ሹዋርማ ቤቱ ቴሌቪዥን ፊት ለሌላ ከተማ ጎል ዘለልን።
በዘጠናኛው ደቂቃ አገባ፣ ያ የተረገመ፤
ግሪሻ አለቀሰ፤ ሹዋርማ ቆራጩ ቢላውን ጥሎ ግንባሬን ሳመ።

ሰው በእግሩ ብቻ አያልፍም፤ በሰውም እግር ያልፋል።
ይህን ያወቅሁት ከኳስ አይደለም።
ስንዱ አለች፣ የአባቴ ልጅ፣ ጎንደር።
እኔ በእናቴ አለፍሁ፤ የእሷ እናት ሌላ ነበረች።
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ፋይሏ «በማጣራት ላይ» ነው፤
ሚኒስትር በተለወጠ ቁጥር፣ ከአንድ ይጀምራል ቆጠራው።

ኢታማር ካርታ አሳየኝ።
ተወልጄ አፍሪካ፣ ቤቴ እስያ፣ ኳሴ አውሮፓ።
«ጎረቤት አልጫወት ሲል፣ ሩቅ ሰፈር ይኬዳል» አለኝ።
«ሦስት ዙር አለ፣ ሁሉም ደርሶ መልስ።»
እኔ ደርሻለሁ፤ መልሱን ነው ያላየሁት።
«ከሜዳ ውጭ የገባ ጎል፣ እኩል ሲወጡ፣ ድሮ እንደ ሁለት ይቆጠር ነበር፤
አሁን ቀረ።»
ቀረ?
እኔ ከሜዳዬ ውጭ ያገባሁትን ሁሉ፣
አርባ ዓመት በሁለት ስቆጥር ኖሬ ነበር።

ሐምሌ መጣ። የሜዳችን ጨዋታ በሜዳችን አይሆንም አሉ፤ ሮኬት ይፈራል፤
ሃንጋሪ ውስጥ፣ ባዶ ወንበር ፊት፣ «ባለሜዳው» ተብሎ ቡድናችን ይሰለፋል።
በቴሌቪዥን አየሁት። መስመሩን ማን እንዳሰመረው አላውቅም፤
መስመሩ ቀና፤
እኔም ቀናሁ።

አንድ ለባዶ። አንዱን ዙር አለፍን።
በማግስቱ ዓርብ፣ ማንም የማይጫወትበትን ሜዳ ሳሰምር፣
እጄ ኖራ እንደሆነ፣ ስንዱ ደወለች፦
«አለፋችሁ አሉ! እንኳን ደስ ያላችሁ!
ወዴት ነው ያለፋችሁ?»
«ወደ ማጣሪያ።»
ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች፣ ኔትወርኩ እስኪቆራረጥ ሳቀች፦
«እኔማ እዚያው ነኝ።
ስትደርሱ፣ ወንበር ይዤላችኋለሁ።»