ቃለ ጉባኤ

መሐል ሜዳ። ቅዳሜ። ከረፋዱ አራት።
ከጤና ጣቢያው ጀርባ፣ ከቆርቆሮው ቤት።
እስክሪብቶው እምቢ ቢል፣ ቢያስረው ብርዱ፣
በትንፋሼ አሙቄ ጻፍኩ እንደ ልማዱ።

የተገኙ፦ አሥራ አራት።
ያልተገኘች፦ ደብሪቱ። ምክንያት፦ አልታወቀም።
(ያወቀም አፉን ያዘ፤ ያላወቀም አልጠየቀም።)

ያለፈው ቃለ ጉባኤ ተነቦ ጸደቀ፤
ለወር አበባ ጨርቅ ስንሰፋ የጠፋው መርፌ ታወቀ፤
ከሹራቤ እጅጌ ሥር ሰንብቷል እንደተደበቀ።

አጀንዳ አንድ፤ ስብራት። ሲስተር ውድነሽ፦
"ነጠላሽን እጠፊው፣ ሦስት ማዕዘን አርገሽ፣
ክንዷን አንጠልጥይው ካንገቷ ላይ አስረሽ።"
ትርንጎ ታማሚ ሆና፣ ማስተዋል ሐኪሟ፣
በሳቅ ፈርሶ ቀረ የውሸት ሕመሟ።

አጀንዳ ሁለት፤ ቁጠባ። በሳምንት አምስት ብር።
ሣጥናችን ባለሦስት ቁልፍ፣ በዋዛ እንዳይደፈር።
አንዱ ከትርንጎ፣ ሌላው ከኔ አንገት፣
ሦስተኛው ከደብሪቱ፣ ከቀረችው ልጅ ቤት።

አንዷ "እንስበረው" አለች፤ ሌላዋ "ይደር"፤
ሲስተር ውድነሽ ዝም፤ እኛው እንድንመክር።
ልኬለሽ ግን፣ ስሟ ሲጠራ "አለሁ" የምትለው ለጫማዋ፣
ዛሬ ብድግ አለች፤ ተሰማ ድምፅዋ፦
"ቁልፍ ያለ ባለቤቱ አይዞርም ይላል ደንቡ።"
ዐይኖቻችን ባንዴ እሷ ላይ ተሰበሰቡ።
"እንግዲህ ካልመጣች፣ ሣጥኑ ይሂዳ!"
በዕቅድ ያልነበረ፣ ሦስተኛ አጀንዳ።

አነሣነው። ከበደን። ተፈራረቅን በጀርባ።
ከጥላ ጥላ ውርጭ አለ፣ ጨው የመሰለ አበባ።
ትርንጎ ነጠላዋን መፍታቱን ረስታ፣
ደኅና ክንዷን እንዳዘለች ትሮጣለች ኋላ ቀርታ።

ከካቡ ወዲያ ማዶ ጌሾ ይወቀጣል፤
ሙቀጫ ምስጢር አያውቅ፤ ለሰፈር ያወጣል።

አባቷ ብቅ አሉ። ሣጥኑንም አይተው፣
"ምን ነበር?" አሉ በርኖሳቸውን ሰብስበው።
"ቁልፍ ፈልገን ነው።" "ተቀብላችሁ ሂዱ ታዲያ።"
"አይሆንም" አለች ልኬለሽ፣ ቆማ ከካቡ ወዲያ፤
"ደንቡ ከልጅቱ ጋር ነው የሚያውቀው ቁልፉን፤
እሷ ትክፈት፣ ትቁጠር፣ ትፈርም መዝገቡን።"

አልጮኸችም። አልወረደም ድምፅዋ ደግሞ።
ሙቀጫው ዝም አለ፣ ዘነዘናው ቆሞ።

ደብሪቱ ወጣች። እጇ ጌሾ ጌሾ ይሸታል፤
ቁልፉ ከማተቧ ጋር ባንድ ክር ታስሯል።
ከካቡ ሥር ተቀመጥን።
እሷ ጮክ ብላ ስትቆጥር፣ አንዱ ብር ሳይቀር፣
የአባቷም ከንፈር አብሮ ይነቃነቅ ነበር።

ጠቅላላ፦ አንድ ሺህ አርባ። ፊርማ፦ አሥራ አምስት።
ስለ ጌሾው የተነፈሰ የለም፤ እኔም አልጻፍኩት።

የሚቀጥለው ስብሰባ፦ ቅዳሜ፣ አራት ሰዓት።
ቦታ፦ ሦስቱም ቁልፎች በሚገኙበት።

ጸሐፊ፦ አዝመራ።
ብርዱ እንደነበረ ነው።