የማያስነጥስ በርበሬ

ሐሙስ ነው፤ ሂርማታ በሰው ተጨናንቋል፣
ዝናቡ አባርቶ፣ ጭቃው ግን ነግሷል።
ሙራድ፣ የእርሻ ኮሌጁ ልጅ፣ ደጄ ላይ ቆሞ፣
ፌስታሉን ዘረገፈው፣ ሰላምታውን አስቀድሞ።
ሰባት ፍሬ ነበር፤ ጠቋቁሮ የከሳ፣
የተሸበሸበ እንደ ሽማግሌ የኪስ ቦርሳ።

«ከሜክሲኮ ነው» አለኝ።
«ከአደባባዩ?» አልኩት፤ «ከታክሲው ተራ?»
ሳቀብኝና አንዱን ፍሬ ከጆንያዬ ጋራ
አስጠግቶ አስተያየኝ።
«ከአገሩ ነው፣ ጋሼ። አስተማሪዬ ላከልኝ።
ስሙ አንቾ ነው። ለቅምሻ ያህል ፍጭልኝ።»

ሃያ ሁለት ዓመት በርበሬ ፈጭቼ፣
የማረቆን፣ የአላባን ጆንያ ፈትቼ፣
በጠረኑ ብቻ፣ የትኛው በስጥ ላይ ዝናብ እንዳገኘው፣
የትኛው ነጋዴ ሚዛን እንዲያነሳ ውሃ እንደረጨው፣
አውቃለሁ። አልናገርም፤ እንጀራ ነውና።
አስነጥሶኝ አያውቅም። «አፍንጫው ሞቷል» ይሉኛል፤
ከሞተ ቆይቷል፤ ሳይቀበር ግን አብሮኝ ይሠራል።

ይኼን ግን ባሸተው፣ ዱላ ይዞ አልመጣም።
የጭስ ጠረን አለው፣ የከረመ ጣም፣
የሆነ ጣፋጭ ነገር፣ ስሙ ምላሴ ጫፍ ላይ
የቆመ፣ የማይወርድ።
ሞተሩን ላስነሳ እጄን ስሰነዝር
ዘቢባ ደረሰች፤ የምግብ ቤቷ በር
ከወፍጮዬ ጋር በአንድ ቆርቆሮ ነው የሚዋሰን።

አሥራ አንድ ዓመት ጉርብትና፣ አሥራ አንድ ዓመት ክስ፦
«ብናኝህ ሩዜ ላይ ወረደ!» «ደንበኛዬ ሲያስነጥስ
ሾርባው ተደፋ!» «አንተ ወፍጮ፣ ሰው አይደለህም ወይ?»
እኔም፣ «ጎረቤት፣ ነፋሱን የምነዳው እኔ ነኝ ወይ?»
ከዚህ ያለፈ ቃል አልተለዋወጥንም።

«ይኼ አይፈጭም» አለች፣ ከእጄ ነጥቃ።
በጥፍሯ ሰነጠቀችው፤ ዘሩን በወረቀት ላይ አራገፈች፣
በደረቅ መጥበሻ ላይ ገልብጣ ዘረጋች፤
ሲነፋ፣ ሲለሰልስ፣ ሳያር አነሳችው፣
የፈላ ውሃ አፍስሳ በሳህን ከደነችው።
የዐሥር አዛን እስኪያበቃ ማንም አልተነፈሰ።
ክዳኑ ሲነሳ ውሃው
የነሐሴን አዌቱ መስሏል፤
ቀይ አፈር የጠጣ፣ ድልድዩን የሚያንኳኳ።

ከነጭ ሽንኩርት ጋር በሙቀጫ ወቀጠችው፣
ከፍየል ሥጋው ጋር በዝግታ አዋሐደችው።
ጠቆረ። ወፈረ። ዘይቱ ዳር ዳር ወጣ።
ጎረስኩ።
ምላሴ በሩን ከፍቶ ቃጠሎ ጠበቀ፤
ቃጠሎው አልመጣም።
በምትኩ ዝግ ብሎ፣ ጫማውን አውልቆ፣
አንድ ጥቁር ጣፋጭ ነገር ገባ ተደብቆ፤
ያ የጠፋኝ ስም ያኔ ከምላሴ ወደቀ፦
«ዘቢብ…» አልኩ።
«አቤት» አለች።

ሙራድ ቀና ብሎ አየን፤ ደግነቱ አፉ ሙሉ ነው።
ሲውጥ ግን አላስቻለውም፦
«ጋሼ፣ የዚህ ሁሉ ጆንያ ዘመድ እዚያ ነው ያለው፤
በርበሬ ድሮ ከዚያ ማዶ ነው በመርከብ የመጣው።»
ዞሬ አየሁ ጆንያዎቼን፤ የማረቆው፣ የአላባው፣
ባለቤት መስለው ተቀምጠዋል፣ መታወቂያ ማን ሊጠይቃቸው።
አባቴም ከዳውሮ ጎጀብን ተሻግሮ፣
በቅሎ ሊሸጥ መጥቶ፣ ለአንድ ሐሙስ አድሮ፣
እዚሁ ቀረ።
ስንት ሐሙስ ሲያልፍ ነው እንግዳ ባለቤት የሚባለው?
አልጠየቅሁም። ሁለተኛውን ጎረስኩ።

ያን ዘር ዘቢባ ከቆርቆሮው ሥር፣
በተቆረጠ ጀሪካን ተከለችው።
ሁለት በቀሉ። አንዱን የአባ መጫ ፍየል በላችው።
የቀረው ቆሟል፤ ያፍራ አያፍራ እኔ እንጃ።
ማለዳ ማለዳ በጣሳ ስታጠጣው
በምስማሩ ቀዳዳ አያታለሁ፤
እስክትጨርስ ድረስ ሞተሩን አላስነሳም።
ደንበኛ ይጮኻል።
«መብራት የለም» እላለሁ።